ለ.223 ጠመንጃ የትኛው አረር? ኮዮት ግልገሎቼን እየጨረሰብኝ ነው

ፍየለኛው (ምሥራቅ ኮሎራዶ)

ጤና ይስጥልኝ። ከኦሮራ ወደ ምሥራቅ ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ላይ ፍየል አረባለሁ። ደንበኞቼ አብዛኞቹ የእኛው ሰዎች ናቸው፤ ለፋሲካና ለገና ይመጣሉ። ፍየሎቹ መውለድ በጀመሩ ቁጥር ኮዮት የሚሉት ቀበሮ መሰል አውሬ ግልገል ይወስድብኛል። ዘንድሮ ጭራሽ በቀን ብርሃን አጥሩ ሥር ሲዞር አየሁት። የግዛቱን የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ጠይቄ፣ እንስሶቼን ለመከላከል በገዛ መሬቴ ላይ መተኮስ እንደምችል ነግረውኛል። ጠመንጃም ገዛሁ፤ ባለ መቀርቀሪያ .223 ሬሚንግተን፣ በርሜሉ ላይ 1:9 የሚል ጽሑፍ አለበት።

የቸገረኝ ጥይቱ ነው። አንድ መደብር ገብቼ ብጠይቅ ሻጩ ሦስት ሣጥን ደረደረና «ሁሉም ይገድላል» ብሎ ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ። አንደኛው 40 ግሬን (ግሬን የአረር ክብደት መለኪያ ነው) ሆኖ ጫፉ ላይ ቀይ ፕላስቲክ አለበት። ሁለተኛው 55 ግሬን፣ ያው ቀይ ጫፍ ያለው ነው። ሦስተኛው 55 ግሬን ሙሉ ልባስ ነው፣ ማለትም አናቱ ሳይቀር በብረት ልባስ የተሸፈነ፤ ዋጋው ከሁለቱ በጣም ይረክሳል። በዚህ ላይ ጎረቤቴ የግጦሽ መሬቱን ፕሬሪ ዶግ የሚባል አይጥ መሰል ትንሽ እንስሳ በጉድጓድ ስለጨረሰበት በበጋ መጥቼ እንዳግዘው ጠይቆኛል። አንድ ዓይነት ጥይት ለሁለቱም ይሆናል? ወይስ ለየብቻ ልግዛ?

የሐረር ሰንጋ (ቴክሳስ)

ርካሹን ግዛ። ጥይት ጥይት ነው። በውትድርና ዘመኔ ከሙሉ ልባስ በቀር ሌላ አላየሁም፤ የተመታም ሲነሣ አላየሁም። ያ ቀይ ጫፍ የነጋዴ ጌጥ ነው። በተረፈህ ገንዘብ መኖ ግዛበት።

አባ ዒላማ (ነብራስካ)

«ጥይት ጥይት ነው» የሚለው አነጋገር አንድ ቀን ሰው ያስገድላል፤ ስለዚህ ከእሱ ልጀምር። ሰንጋ ወንድሜ፣ አትቀየመኝ።

ሙሉ ልባስ አረር የሚሠራው ሥጋ ሲነካ እንዳይከፈት ተብሎ ነው። ኮዮት ደግሞ ጠጉሩ ያገዝፈዋል እንጂ ከ20 ኪሎ እምብዛም አያልፍም፤ ደረቱ ጠባብ፣ አጥንቱ ስስ ነው። ሙሉ ልባሱ በአንድ ጎኑ ገብቶ በሌላው ይወጣል። እንስሳው በቀጭን ቀዳዳ ቆስሎ ከዓይን ይሰወርና የሆነ ቁጥቋጦ ሥር ሲማቅቅ ያድራል። አረሩስ? እሱ ገና መንገድ ላይ ነው። ያንተ አገር ደልዳላ ሜዳ ነው፤ ከኮዮቱ ማዶ የጎረቤት ቤት፣ የመኪና መንገድ፣ የራስህም ፍየሎች አሉ። ደረቅ መሬት ወይም ድንጋይ ቢያገኘው እንኳ ሳይፈርስ ነጥሮ ወዳላሰብከው ሊሄድ ይችላል። የትንሿ .22 ጥይት ሣጥን ላይ እንኳ እስከ አንድ ማይል ተኩል ድረስ አደገኛ ነች የሚል ማስጠንቀቂያ ታትሞ ታያለህ። ያንተዋ ከእሷ እጅግ ትበረታለች።

አሁን ወደ ቀዩ ጫፍ። አንዱን አረር በመጋዝ ከአናቱ እስከ ቂጡ ለሁለት የተሰነጠቀ ብታየው ነገሩ ይገባሃል። ውጭው ስስ የመዳብ ልባስ ነው፣ ወደ አናቱ እየሳሳ ይሄዳል። ውስጡ ለስላሳ እርሳስ ነው። አናቱ ላይ ባዶ ጉድጓድ አለ፤ ፕላስቲኳ የተተከለችው እሱ ላይ ነው። አየር ላይ ሳለ አረሩን ሹል ታደርገዋለች፣ ፍጥነቱን ቶሎ እንዳያጣ። ሥጋ ስትነካ ግን ወደ ኋላ ትገፋና ልባሱን ከውስጥ ትሰነጥቀዋለች። ከዚያ ወዲያ አረር የሚባል ነገር የለም፤ እንስሳው ውስጥ ተበታትኖ ጉልበቱን እዚያው ይጨርሳል። መሬት ቢመታም ብዙውን ጊዜ ይፈርሳል። ብዙውን ጊዜ አልኩ፤ ሁልጊዜ አላልኩም።

ከሁለቱ ለኮዮት 55ቱን፣ ካገኘህም 50ውን ውሰድ። 40ው ቀላል ነው፣ ልባሱም ስስ ነው፤ በቅርብ ርቀት የትከሻ አጥንት ላይ ቢያርፍ ላይ ላዩን ፈንድቶ ሳንባ ሳይደርስ ሊቀር ይችላል። ሰፊ ቁስል ታያለህ፣ የሞተ ኮዮት አታይም። ለፕሬሪ ዶግ ግን 40ው ይበቃል፤ ከአንድ ኪሎ ትንሽ ለሚበልጥ እንስሳ ጥልቀት አያስፈልግም፣ መፈንዳቱ ራሱ ሥራውን ይጨርሳል። አንድ ዓይነት ብቻ ልግዛ ካልክ 50 ግሬን ለሁለቱም ይሆንሃል።

ፍየለኛው

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሻጩ ይህን ቢነግረኝ ኖሮ እዚህ አልመጣም ነበር። 1:9 ያልኩትስ ምንድን ነው? ከጥይቱ ምርጫ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ?

አባ ዒላማ

አለው እንጂ፤ እንዲያውም ሰው ሁሉ የሚዘለው እሱን ነው።

በርሜሉ ውስጥ ጠመዝማዛ ቦዮች አሉ፤ አረሩን እያሽከረከሩ ያወጡታል። 1:9 ማለት አረሩ 9 ኢንች በተጓዘ ቁጥር አንድ ዙር ይዞራል ማለት ነው። 55 ግሬኑ ከአፈሙዝ ሲወጣ በሰከንድ 3,240 ጫማ ገደማ ይበርራል። ሒሳቡን ብትሠራው በደቂቃ ወደ 259 ሺህ ዙር ይሆናል። አረሩ ሳይንገዳገድ በአፍንጫው ቀጥ ብሎ የሚሄደው በዚህ መሽከርከር ነው።

አረር በከበደ ቁጥር ይረዝማል፤ ረጅም አረር ደግሞ ለመረጋጋት ፈጣን ዙር ይፈልጋል። 75 ወይም 77 ግሬን ገዝተህ በ1:9 ብትተኩስ አረሩ ሊንገዳገድ ይችላል፤ ወረቀቱ ላይ በክብ ቀዳዳ ፈንታ ረዘም ያለ ስንጥቅ ካየህ አረሩ በጎኑ ነው የመታው። በተቃራኒው ደግሞ አንዳንድ ዘመናዊ ጠመንጃዎች 1:7 ናቸው። በእነሱ ያው 55 ግሬን በደቂቃ 333 ሺህ ዙር ይደርሳል። ልባሱ እጅግ ስስ የሆነ አረር በዚህ ፍጥነት ሲሽከረከር አየር ላይ ሊበተን ይችላል። ተኳሹ የጠመንጃውን ማነጣጠሪያ መነጽር ሲወቅስ ይውላል፣ አረሩ ግን ዒላማው ጋ አልደረሰም። ያንተ 1:9 መካከለኛ ነው። ከ40 እስከ 60ዎቹ ያለውን ክብደት ሁሉ ያስተናግድልሃል።

22-250 የሚባለውን ሌላ ዓይነት ጥይት የሚተኩሱት የድሮ ጠመንጃዎች አብዛኛውን ጊዜ 1:14 ናቸው፤ 55 ግሬን ላይ መቆም የሚወዱት ለዚህ ነው። ይህን የማነሣው ጎረቤትህ የእሱን ሊያውስህ ቢሞክር የእሱን ጥይት ከአንተው ጋር እንዳትቀላቅል ነው። ስማቸው ሁለቱም 22 ቢል ቀለሃቸው ለየቅል ነው።

የመደብር ልጅ (ቨርጂኒያ)

ጠመንጃ መደብር ስለሠራሁ አንድ ነገር ልጨምር። ሣጥኑ ላይ 5.56 (የወታደሩ ጥይት) የሚል ካየህ መልሰው። ከውጭ ሲታዩ አይለያዩም፣ ዋጋውም ያማልላል፤ ነገር ግን የ5.56 ጥይት ግፊቱ ከፍ ያለ ነው፣ .223 ብቻ ተብሎ የተቀረጸ ጠመንጃም ለእሱ አልተሠራም። በርሜሉ ላይ የተጻፈውን አንብብ፣ ከሣጥኑ ጋር አስተያይ። ሻጭ ሁሉ አያውቅም፤ እኔም ስቀጠር ማንም አላስተማረኝም።

ቦራ (ሚኒሶታ)

እኔ በጎች አሉኝ። ስለ አረር የምላችሁ የለኝም፤ ግን ከጠመንጃው በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ ያለ ይመስለኛል። ወንድም ፍየለኛው፣ ፍየሎችህ የሚወልዱት የት ነው? ሜዳ ላይ ከሆነ፣ የእንግዴ ልጁንስ ማን ያነሣል? የሞተ ግልገል ሲኖርስ የት ትጥላለህ? ኮዮት በመጀመሪያ የሚመጣው ያን ሸትቶ ነው። እሱን ከለመደ በኋላ በሕይወት ያለውን ግልገል ይሞክራል።

በረት ውስጥ አስወልድ፣ እንግዴ ልጁን ቅበር፣ በአጥሩ ታችኛው መስመር ላይ ኤሌክትሪክ ዘርጋ፤ ኮዮት ከመዝለል ይልቅ በሥር መሹለክ ይወዳል። ከዚያ ውሻ ግዛ። የቤት ውሻ ሳይሆን ግሬት ፒሬኒስ ወይም አናቶሊያን ሼፐርድ የሚባል የመንጋ ጠባቂ ዝርያ፣ በቡችላነቱ ከፍየሎቹ ጋር የሚያድግ። አንዱን ኮዮት ብትገድለው ቦታውን ሌላ ይወርሰዋል። በዚህ አገር ከመቶ ዓመት በላይ በወጥመድ፣ በመርዝና በጥይት ሲያሳድዱት ኖረው ዛሬ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሌለበት ግዛት የለም ማለት ይቻላል።

የሐረር ሰንጋ

ውሻው እስኪያድግ ፍየሎቹ አልቀው።

ቦራ

ለዚያ ነው ዛሬውኑ ግዛ የምለው።

ሰብለ (ሳክራሜንቶ)

ጋሽ ዒላማ ያብራሩት ሁሉ ትክክል ነው፤ አንድ ነገር ግን አልነኩም። ያ የሚበታተነው እርሳስ የት ይገባል?

ፕሬሪ ዶግ የሚተኩስ ሰው ሬሳውን አያነሣም፤ ሜዳው ላይ ይቀራል። ንስርና ጭልፊት ይወርዱበታል። አረሩ ይበልጥ በተበታተነ ቁጥር ሬሳው ውስጥ የሚቀረው የእርሳስ ብናኝ ይበዛል፤ በኤክስሬይ ሲነሣ ነጫጭ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። ለወፍ የሚገድል መጠን ለመሆን ብዙ አያስፈልገውም። እዚህ ካሊፎርኒያ ኮንዶር የሚባለው ትልቅ አሞራ እ.ኤ.አ. በ1987 በዓለም ላይ 27 ብቻ ቀርቶ ሁሉም ተይዘው እንዲራቡ ተደርጓል። ዳግመኛ ከተለቀቁም በኋላ ዋነኛ ገዳያቸው እርሳስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ሕግ ወጣ፣ ከጁላይ 1 ቀን 2019 ጀምሮም በግዛቱ ውስጥ ማንኛውንም የዱር እንስሳ በእርሳስ ጥይት ማደን አይፈቀድም። ኮሎራዶ እንዲህ ያለ አጠቃላይ ክልከላ የለባትም፣ ግን እርሳሱ የግዛት ድንበር አይጠብቅም።

ከእርሳስ ነፃ የሆነው ጥይት ሁለት ዓይነት መሆኑን እወቅ። አንደኛው ከጫፍ እስከ ጫፍ ወጥ መዳብ ነው። አናቱ ይከፈታል እንጂ አይበታተንም፤ ብዙ ጊዜ በሌላው ጎን ይወጣል፤ ስለዚህ ጋሼ ስለ ሙሉ ልባስ ያነሡት የማዶው ጉዳይ ለእሱም ይሠራል። ሁለተኛው ውስጡ የተጠቀጠቀ የመዳብና የቆርቆሮ ዱቄት ነው፣ ሲመታ ወደ ብናኝነት ይመለሳል። ለፕሬሪ ዶግ የሚመቸው ይኸኛው ነው።

የሐረር ሰንጋ

አሁን ደግሞ ፖለቲካ መጣ።

አወያይ

ሰብለ የጻፈችው ስለ አረር ነው፣ ርእሱም እሱ ነው። ይቀጥል። ሁለት ማሳሰቢያ ብቻ፦ ጥይት መሸጥና መለወጥ እዚህ አይፈቀድም፤ በቤት ለሚሞላ ጥይት የባሩድ መጠን መጻፍም አይፈቀድም።

አባ ዒላማ

ሰብለ ልጄ፣ ይህን በማንሣትሽ ደስ ብሎኛል። እኔ በእርሳስ ነው ያረጀሁት፣ በአንድ ቀን አልተውም። ሆኖም የመታሁትን ኮዮት እቀብራለሁ፤ ፕሬሪ ዶግ ላይ ግን የመዳብ ዱቄቱን ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ዋጋው ያንገበግባል።

ለፍየለኛው አንድ ማስጠንቀቂያ፦ መዳብ ከእርሳስ ቀላል ነው፤ ስለዚህ እኩል ክብደት ያለው የመዳብ አረር ከእርሳሱ ይረዝማል። ከላይ ስለ ዙር ያልኩትን አስታውስ። ወጥ መዳብ ከገዛህ ሣጥኑ ላይ «ለ1:8 ወይም ለበለጠ ፈጣን ዙር» የሚል ጽሑፍ እንዳይኖርበት ተመልከት፤ ካለበት ለአንተ በርሜል አይደለም።

ሰብለ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ። ስለ ፕሬሪ ዶግ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ጥቁር እግር ፌሬት የሚባል አውሬ አለ፤ ምግቡ ፕሬሪ ዶግ፣ ቤቱም የፕሬሪ ዶግ ጉድጓድ ነው። ጠፍቷል ተብሎ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1981 ዋዮሚንግ ውስጥ ሚቲትሲ በምትባል ከተማ አቅራቢያ የአንድ ገበሬ ውሻ ገድሎ አመጣውና መኖሩ ታወቀ። ዛሬ ከኦሮራ ብዙም ሳይርቅ፣ በሮኪ ማውንቴን አርሰናል የዱር እንስሳት መጠለያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ተለቅቆ ይኖራል። ስለዚህ ጎረቤትህ ጋ ከመሄድህ በፊት መሬቱ በእርግጥ የግሉ መሆኑን አረጋግጥ። በሕዝብ መሬት ላይ የተዘጋ ወቅት አለ።

የወደቀውንም በእጅህ አትንካ፤ ቁንጫው ቸነፈር የሚያመጣውን ባክቴሪያ ሊሸከም ይችላል። ውሻ ከገዛህም አታስጠጋው።

በቆሎ ጠባቂ (ምሥራቅ ጎጃም)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የእናንተን ሳነብ የእኛው ችግር ትዝ አለኝ። እዚህ ዝንጀሮና ጃርት በቆሎውን ፈጁት። ጎረቤቴ ክላሽ አለው፤ ማታ ማታ ወደ ማሳው ይተኩሳል። እስካሁን አንድም ጃርት አልገደለም፤ እኛን ግን እንቅልፍ ነሥቶናል። ጋሼ፣ ለእንዲህ ያለው የሚሆን አረር አለ?

አባ ዒላማ

የለም ወንድሜ። የክላሹ ጥይት ሙሉ ልባስ ነው፤ በጨለማ ወደ ማሳ ሲተኮስ መጨረሻው የት እንደሆነ ተኳሹ ራሱ አያውቅም። ከበቆሎው ማዶ መንደር አለ፣ ከመንደሩም ማዶ ሌላ መንደር። ሳሩን አይቶ ገደሉን አለማየት ማለት ይህ ነው። ሕጉም አለ፤ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት መሣሪያው ራሱ ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ የዱር እንስሳ መግደልም የራሱ ፈቃድ አለው። ለዝንጀሮው ከንጋት እስከ ምሽት ማማ ላይ የሚቀመጥ ሰው፣ ወንጭፍና ጅራፍ ይሻላል። ጃርቱን በተመለከተ የወረዳችሁን የግብርና ባለሙያ ጠይቁ። ጎረቤትህን ግን በሽማግሌም ቢሆን አስቁመው።

ፍየለኛው

ተመልሻለሁ። 50 ግሬን፣ 55 ግሬንና ሰብለ ያለችውን የመዳብ ዱቄት ገዝቼ ተኩስ መለማመጃ ወሰድኳቸው። በየዓይነቱ አንድ ወረቀት ሰቅዬ ከ100 ያርድ ተኮስኩ፣ ከእያንዳንዱ ዓይነት በኋላ በርሜሉ እንዲቀዘቅዝ እየጠበቅኩ። የገረመኝ 55ቱ ነው፤ ወደ 2 ኢንች ተበተነብኝ። 50ዎቹ ተደራርበው ከ1 ኢንች ባነሰ ቦታ ገቡ። የመዳቡም ጥሩ ነበር፣ ግን ነጥቡ ከሌሎቹ ዝቅ ብሎ አረፈ። ጠመንጃው ያው፣ ቀኑም ያው፣ ተኳሹም ያው። ምን ሆኖ ነው?

አባ ዒላማ

ምንም አልሆነም። በርሜል የራሱ ምርጫ አለው፤ ከአንድ ፋብሪካ ተከታትለው የወጡ ሁለት ጠመንጃዎች እንኳ የሚወዱት አረር ሊለያይ ይችላል። ያንተው 50 ይሁን ብሏል፣ 50 ይሁን። 55 ይሻላል ተብዬ ነበር ብለህ አትከራከረው። ኮዮት ላይ በሚገባ ቦታ ያረፈ 50 ግሬን፣ ሆዱ ላይ ካረፈ 55 ይበልጣል። የመዳቡ ዝቅ ማለቱም የተለመደ ነው፤ ጥይት በቀየርክ ቁጥር መነጽርህን እንደገና አስተካክል። ሁለት ዓይነት እያፈራረቅህ በአንድ ማስተካከያ አትሥራ።

መነጽሩን ለ200 ያርድ አስተካክለው። ያኔ 100 ላይ አንድ ኢንች ተኩል ያህል ከፍ ይላል፣ 300 ላይ 7 ኢንች ገደማ ይወርዳል። ያ ቁጥር የ55 ግሬን ነው፣ የ50ው ብዙም አይርቅም። ግን አንተ ጋ ከመውረዱ ይልቅ ነፋሱ ነው ጠላትህ። በሰዓት 10 ማይል የሚነፍስ የጎን ነፋስ 200 ላይ ከ4 ኢንች በላይ፣ 300 ላይ ደግሞ ወደ 10 ኢንች ይገፋዋል። 300 ላይ አረሩ ከመነሻ ፍጥነቱ አንድ ሦስተኛውን አጥቷል፣ መበታተኑም እንደ ቅርቡ አይደለም። ኮዮት ላይ ከ200 ወዲያ አትተኩስ፤ ከ200 ወዲህም ቢሆን ከኋላው አፈር ካልታየህ ጣትህን ከቃታው አውጣ። የበረትህ ጣሪያ ወይም ትንሽ ጉብታ ካለች እዚያ ላይ ሆነህ ወደ ታች ብትተኩስ ሜዳው ራሱ አረሩን ይቀበልልሃል።

የሐረር ሰንጋ

ጋሼ፣ እኔ አንድ ካርቶን ሙሉ ሙሉ ልባስ አለኝ። ልጣለው ነው የሚሉኝ?

አባ ዒላማ

ወረቀት ተኩስበት። ለልምምድ የተሠራ ነው፣ ለወረቀት ወርቅ ነው። መለማመጃው ቦታ ግን ማግኔት ይዘው ከተቀበሉህ አትደነቅ። የአንዳንዱ ርካሽ ጥይት ልባስ ከሥሩ ብረት ስላለበት ዒላማውን ያበላሻል፣ እሳትም ያስነሣል ብለው አያስገቡትም።

የሐረር ሰንጋ

ማግኔቱ ያዘ። አሁን ሞከርኩት።

ቦራ

ፍየለኛው፣ ስለ አረሩ ብዙ ጻፍክ፤ ስለ እንግዴ ልጁ ግን አልመለስክልኝም።

ፍየለኛው

እህቴ፣ መቅበር ጀምሬያለሁ፤ የታችኛውን የኤሌክትሪክ መስመርም ትናንት ዘርግቻለሁ። የመጀመሪያው የተነዘረው የራሴ አውራ ፍየል ነው። ግሬት ፒሬኒስ ቡችላም አግኝቻለሁ፤ ሰውየው የጠራው ዋጋ ከጠመንጃዬ ይበልጣል፣ በዚያ ላይ የሚበላውን አልነገረኝም። ምን ያህል ይበላል?

ቦራ

እሱን ከገዛኸው በኋላ እነግርሃለሁ።